ሞኒተር ሻጮች የኸርዝ ክልሉን ይጻፉልን

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በቴሌግራም ጌሚንግ ሞኒተር ሲሸጥ ማስታወቂያው ላይ አንድ ዐረፍተ ነገር ተደጋግሞ ይታያል፦ «144 ኸርዝ፣ ፍሪሲንክ፣ በጂ-ሲንክም ይሠራል።» ኸርዝ ስክሪኑ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚታደስ ነው፤ ፍሪሲንክና ጂ-ሲንክ ደግሞ ሞኒተሩ የግራፊክስ ካርዱን ፍጥነት እንዲከተል የሚያደርጉ የካርድ ሠሪዎቹ የኤኤምዲና የኤንቪዲያ አሠራሮች ናቸው። ገዢው ይህን አምኖ ገንዘቡን ያወጣል። ቤቱ ወስዶ ሲሰካው ግን ሥዕሉ እንደ ድሮው መሀሉ ላይ ይቀደዳል፣ እንቅስቃሴው ይደናቀፋል፣ ወይም ጨለማ ቦታ ላይ ብልጭ ድርግም ይላል። ሞኒተሩን ሊመልስ ሲሄድ ሻጩ «ካርድህ ነው» ይለዋል፤ ካርዱን የሸጠለት ደግሞ «ሞኒተርህ ነው» ይለዋል። አብዛኛውን ጊዜ ሁለቱም ዕቃዎች ደህና ናቸው። የጠፋው ሁለቱ በየትኛው ፖርት፣ በየትኛው ቅንብር፣ ከስንት እስከ ስንት ኸርዝ እንደሚግባቡ አስቀድሞ የሚነግር ሰው ነው። ጋዜጣችሁ ብዙ ወጣት አንባቢ ስላለው ይህን ዝርዝር ብታወጡልን የብዙ ሰው ገንዘብ ይተርፋል ብለን እናምናለን።

ከሥሩ እንጀምር። ሞኒተር በራሱ ሰዓት ይሠራል፤ 60 ኸርዝ የሆነው በየ16.7 ሚሊሰከንዱ፣ 144 ኸርዝ የሆነው በየ6.9 ሚሊሰከንዱ ሥዕሉን ያድሳል። ግራፊክስ ካርድ ግን ፍሬም (አንድ ሙሉ ሥዕል) የሚያወጣው እንደ ሥራው ክብደት ነው፤ ባዶ ኮሪደር ላይ ቶሎ፣ ጭስና ፍንዳታ ሲበዛ ዘግይቶ። ካርዱ ሞኒተሩን ሳይጠብቅ ከላከ የስክሪኑ የላይኛው ክፍል አንዱን ፍሬም፣ የታችኛው ሌላውን ያሳያል፤ ሥዕሉ ተቀደደ የምንለው ይህን ነው። ካርዱ የሞኒተሩን ተራ እንዲጠብቅ የሚያደርገው ቪ-ሲንክ ሲከፈት መቀደዱ ይቀራል። ሆኖም በ60 ኸርዝ ሞኒተር ላይ 17 ሚሊሰከንድ የፈጀ ፍሬም ተራው ለጥቂት አልፎት እስከ 33.3 ይጠብቃል፤ ያኔ ጨዋታው ይደናቀፋል። አዳፕቲቭ ሲንክ ይህን የሚፈታው ሞኒተሩ የራሱን ሰዓት ትቶ የካርዱን ፍሬም እንዲጠብቅ በማድረግ ነው። ፍሬሙ ሲደርስ ስክሪኑ ይታደሳል፣ እስኪደርስ ደግሞ የነበረውን ይዞ ይቆያል።

የስሞቹ መደበላለቅ ታሪክ አለው። ኤንቪዲያ ጂ-ሲንክን እ.ኤ.አ. በ2013 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እ.ኤ.አ. ናቸው) ሲያስተዋውቅ ሞኒተሩ ውስጥ የሚገባ የራሱን ሰሌዳ ይዞ ነበር የመጣው። በቀጣዩ ዓመት ኤኤምዲ ፍሪሲንክን አሳየ፤ የስክሪን ደረጃዎችን የሚያወጣው ቬሳም በግንቦት 2014 አዳፕቲቭ ሲንክን ዲስፕሌይፖርት በሚባለው የስክሪን መሰኪያ 1.2ኤ ስሪት ውስጥ አካተተው፤ ያካተተው ግን ግዴታ አድርጎ ሳይሆን በአማራጭነት ነው። ይህ እስከ ዛሬ ሰው ያሳስታል። «ዲስፕሌይፖርት 1.4 አለው» ማለት «አዳፕቲቭ ሲንክ አለው» ማለት አይደለም። ኤንቪዲያ ለብዙ ዓመታት በሩን ከዘጋ በኋላ በጥር 2019 ከፈተው። ያኔ 400 ሞኒተሮችን ሞክሬ በደረጃዬ ያለፉት 12 ብቻ ናቸው ብሎ ነበር፤ «ጂ-ሲንክ ኮምፓቲብል» የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። ያላለፈ ሞኒተር ግን አይሠራም ማለት አይደለም። ባለቤቱ በእጁ ሊከፍተው ይችላል፤ ጥራቱን ግን ኤንቪዲያ አላረጋገጠለትም።

አሁን ወደ ካርዱ። ያገለገለ ካርድ ለሚገዛው ሰው ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው።

ከኤንቪዲያ ወገን አዳፕቲቭ ሲንክ የሚሠራው ከጂቲኤክስ 10 ተከታታይ ጀምሮ ነው፤ 1050፣ 1060፣ 1070 እና ከዚያ በላይ፣ ድራይቨሩም (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) 417.71 ወይም የበለጠ አዲስ መሆን አለበት። ጂቲኤክስ 960 ወይም 970 የኤንቪዲያ ሰሌዳ ከሌለው የፍሪሲንክ ሞኒተር ጋር ፈጽሞ አይግባባም፤ የትኛውም ድራይቨር አያስተካክለውም። ከሁሉ በላይ ግን የ10 ተከታታይ ካርድ ይህን የሚያደርገው በዲስፕሌይፖርት ብቻ ነው። በኤችዲኤምአይ ተሰክቶ የሚቀር ጂቲኤክስ 1060 ከምናያቸው ስህተቶች ሁሉ የተለመደው ነው። ገዢው ሳጥኑ ውስጥ ያገኘውን ኤችዲኤምአይ ኬብል ይሰካል፣ ሥዕል ይመጣል፣ ኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ላይ ግን የጂ-ሲንክ ምርጫ የለም። ካርዱ አልተበላሸም። ፍሪሲንክ በኤችዲኤምአይ ላይ የሚሄድበት የድሮው መንገድ የኤኤምዲ የራሱ ቅጥያ ስለሆነ ኤንቪዲያ አይረዳውም። ከጂቲኤክስ 16 እና ከአርቲኤክስ 20 ጀምሮ ያሉት ካርዶች ኤችዲኤምአይ 2.1 ይዞት የመጣውን ቪአርአር የሚባለውን፣ እንደ አዳፕቲቭ ሲንክ ስክሪኑን ከፍሬሙ ጋር የሚያስኬደውን አሠራር ይረዳሉ፤ ሆኖም ስክሪኑም ያንኑ መናገር አለበት። በኤችዲኤምአይ 2.1 ውስጥም ቪአርአር አማራጭ ነውና ሳጥኑ ላይ 2.1 የሚል ቁጥር ማየት አይበቃም።

በኤኤምዲ ወገን ነገሩ ይቀላል። አርኤክስ 470፣ 480፣ 570፣ 580 እና ከዚያ ወዲህ ያሉት በዲስፕሌይፖርትም በኤችዲኤምአይም ፍሪሲንክ ይሠራሉ፤ ሞኒተሩ በኤችዲኤምአይ ፍሪሲንክ ካለው ማለት ነው። ዲስፕሌይፖርት የሌለው ርካሽ 75 ኸርዝ ሞኒተር ላለው ሰው አርኤክስ 580 ከጂቲኤክስ 1060 የተሻለ ምርጫ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። በተቃራኒው፣ የድሮ ሰሌዳ ያለው እውነተኛ ጂ-ሲንክ ሞኒተር ለኤኤምዲ ካርድ ተራ ሞኒተር ነው፤ ሥዕል ይሰጣል፣ አይመሳሰልም። ከዱባይ በሻንጣ የሚገቡ የ2015 እና የ2016 ሞዴሎች ላይ ይህ መጠየቅ አለበት።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። ኢተሪየምና ሌሎች ዲጂታል ገንዘቦች ለማውጣት ተሠርቶ የነበረው ፒ106-100 የሚባል ካርድ በውስጡ ከጂቲኤክስ 1060 ጋር አንድ ዓይነት ቺፕ ቢኖረውም ምንም የሥዕል ፖርት የለውም። ጨዋታው በእሱ ላይ ተሠርቶ ሥዕሉ በማዘርቦርዱ በኩል በኢንቴል ግራፊክስ ይወጣል። ስለዚህ መመሳሰሉን የሚወስነው ኢንቴሉ ነው፤ ዴስክቶፕ ላይ ከ11ኛው ትውልድ በፊት ያሉት ደግሞ አዳፕቲቭ ሲንክ የላቸውም። ሁለተኛው ባዮሳቸው (ካርዱ ውስጥ የተጻፈው ማስነሻና መለያ ፕሮግራም) ተቀይሮ «ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ» ተብለው የሚሸጡ አሮጌ ካርዶች ናቸው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውን ነፃ ፕሮግራም ከፍቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም፤ ሐሰተኛ ከሆነ ብዙውን ጊዜ ራሱ ጽፎ ይነግራል። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ይህን ማድረግ የገዢው መብት ነው።

ቀጥሎ ክልሉ። ማንኛውም ሞኒተር ካርዱን የሚጠብቀው በሁለት ቁጥሮች መካከል ብቻ ነው፤ ለምሳሌ ከ48 እስከ 75፣ ወይም ከ48 እስከ 144 ኸርዝ። ሻጮቻችን የሚነግሩን የላይኛውን ነው፤ እኛ የሚያስፈልገን ሁለቱንም ማወቅ ነው። ጨዋታው በሰከንድ 40 ፍሬም ላይ ሲወርድ 48–144 የሆነው ሞኒተር እያንዳንዱን ፍሬም ሁለት ጊዜ እያሳየ በ80 ኸርዝ ይሠራል፤ 80 በክልሉ ውስጥ ስለሆነ መመሳሰሉ አይቋረጥም። ይህ ኤልኤፍሲ ይባላል። 48–75 የሆነው ግን 80 መድረስ አይችልም፣ 40ም ከወለሉ በታች ነው። መመሳሰሉ ይቋረጣል፤ መቀደዱ ወይም መደናቀፉ ተመልሶ ይመጣል። የላይኛው ቁጥር ከታችኛው ከሁለት እጥፍ በደንብ ካልበለጠ ኤልኤፍሲ የለም ብሎ መቁጠር ነው። አቅሙ ደከም ያለ ካርድ ያለው ሰው፣ ማለትም ጨዋታዎቹ 40 እና 50 ላይ የሚንከላወሱበት ሰው፣ ከማንም በላይ ይህ ያስፈልገዋል፤ እሱ ግን በአቅሙ ምክንያት 48–75 ሞኒተር ይገዛል። እንዲህ ያለው ሰው በጨዋታው ውስጥ የጥላውንና የጭሱን ጥራት ቀንሶ ፍሬሙን ከ50 በላይ ማቆየት አለበት፤ ያለዚያ ፍሪሲንክ የሚለው ተለጣፊ ብዙም አይጠቅመውም።

ያው ሞኒተር በሁለት ፖርት ሁለት ክልል ሊኖረው እንደሚችልም መታወቅ አለበት። ኤችዲኤምአይ 1.4 በ1080 ጥራት ላይ ብዙ ጊዜ በ120 ይቆማል፤ በ1440 ጥራት ደግሞ ከ75 ኸርዝ እምብዛም አያልፍም፤ የኬብሉ አቅም በሰከንድ 8.16 ጊጋቢት ገደማ ብቻ ስለሆነ ነው። 2560 በ1440 በ144 ኸርዝ ወደ 14 ጊጋቢት ይፈልጋል። ዲስፕሌይፖርት 1.2 17.28 ስለሚያሳልፍ በቂ ነው። የሞዴሉን ክልል በየፖርቱ ለማወቅ የኤኤምዲንና የኤንቪዲያን የሞኒተር ዝርዝር ድረ ገጽ ማየት ይቻላል። ሞኒተሩ ተሰክቶ ከሆነ ካስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ክልሉን ከራሱ ከሞኒተሩ አንብቦ ያሳያል።

ኬብል ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ጥፋት ያለው እዚያ ነው። ዲስፕሌይፖርት ኬብል ከ2 ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል። ጨዋታ ሲከፈት ስክሪኑ ለአንድ ሁለት ሰከንድ ጠቁሮ የሚመለስ ከሆነ ፍሪሲንክን ከመውቀስ በፊት ኬብሉን ይቀይሩ። በርካሽ ኬብሎች ላይ ደግሞ የከፋ ጉድለት አለ። በደረጃው መሠረት የኬብሉ 20ኛ ፒን፣ ማለትም 3.3 ቮልት የሚያልፍበት፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ መገናኘት የለበትም። የተገናኘ ከሆነ ሞኒተሩ ለጠፋው ካርድ ኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ሳለ የካርዱ መብራት ይበራል፣ ወይም ኮምፒውተሩ አልነሣ ይላል። መልቲሜትር ያለው ቴክኒሺያን ሁለቱን ጫፎች ነክቶ ማወቅ ይችላል፤ ድምፅ ከሰጠ ያንን ኬብል ይጣሉት። ከዲስፕሌይፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይር አስማሚ ሥዕል ያሳልፋል፣ መመሳሰሉን ግን በአብዛኛው ይቆርጠዋል። ቪጂኤ እና ዲቪአይ ከነጭራሹ አይታሰቡም።

ጂቲኤክስ 900 ወይም 10 ተከታታይ ያለው ሰው በዲስፕሌይፖርት 1.3 ወይም 1.4 ሞኒተር ሲሰካ ዊንዶውስ እስኪከፈት ድረስ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ቢቀር፣ አንዳንዴም ጨርሶ ባይነሣ፣ አይደንግጥ። ኤንቪዲያ ለዚሁ ያወጣው የፈርምዌር (ካርዱ ውስጥ ያለው ፕሮግራም) ማሻሻያ አለ። እስከዚያው በኤችዲኤምአይ ሰክቶ ማስነሣት፣ ወይም በሞኒተሩ ሜኑ ዲስፕሌይፖርቱን ወደ 1.2 ዝቅ ማድረግ ይቻላል። ወደ 1.1 ግን አይውረድ፤ በ1.1 አዳፕቲቭ ሲንክ የለም። አንዳንድ ሞኒተሮች ከፋብሪካ በ1.1 ተቀምጠው ስለሚመጡ ይህ ራሱ «ፍሪሲንክ አይሠራም» የሚባልበት አንዱ ምክንያት ነው።

ማስተካከያው በዚህ ቅደም ተከተል ቢሄድ ጥሩ ነው። ኬብሉ የተሰካው ካርዱ ላይ እንጂ ማዘርቦርዱ ላይ አለመሆኑን አረጋግጡ። ከዚያ በሞኒተሩ ቁልፍ ሜኑውን ከፍታችሁ ፍሪሲንክ ወይም አዳፕቲቭ ሲንክ የሚለውን አብሩ፤ አብዛኞቹ ጠፍተው ነው የሚመጡት። ዊንዶውስ ላይ በሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ አድቫንስድ ዲስፕሌይ ገብታችሁ 144 ምረጡ፤ ዊንዶውስ በራሱ 60 ላይ ሊተወው ይችላል፣ 144 ኸርዝ ሞኒተር ገዝተው ለወራት በ60 የሚጫወቱም አሉ። ኤንቪዲያ ከሆነ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ሴት አፕ ጂ-ሲንክ» በሚለው ገጽ ማብሪያውን ምልክት አድርጉ። ሞኒተሩ ኤንቪዲያ ካረጋገጣቸው ካልሆነ በዚያው ገጽ ከታች ለተመረጠው ሞኒተር ቅንብሩን አብራ የሚል ሌላ ሳጥን አለ፤ እሱ ካልተነካ የላይኛው ብቻውን አይሠራም። ኤኤምዲ ከሆነ አድሬናሊን በሚባለው የካርዱ ፕሮግራም ውስጥ ዲስፕሌይ በሚለው ክፍል ኤኤምዲ ፍሪሲንክን ማብራት ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ሰው የሚረሳው የፍሬም ጣሪያ ነው። ጨዋታው በ144 ኸርዝ ሞኒተር ላይ 200 ፍሬም ካወጣ ከክልሉ ወጥቷል፤ መቀደዱ ይመለሳል። ስለዚህ ፍሬሙን በ141 መገደብ፣ በካርዱ ድራይቨር ላይ ቪ-ሲንክን ማብራት፣ በጨዋታው ውስጥ ግን ማጥፋት። ጣሪያው ከ144 ሦስት ዝቅ የሚለው ፍሬሞች እኩል ርቀት ጠብቀው ስለማይመጡ ነው፤ አማካዩ 144 ቢሆንም አንዳንዱ ከ6.9 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይደርሳል። ቪ-ሲንኩ እነዚያን ቀድመው የሚደርሱትን ብቻ ስለሚይዝ ጨዋታው በክልሉ ውስጥ እስካለ ድረስ የተለመደው መዘግየት አይሰማም። በውድድር ላይ ያለ ተጫዋች በዚህ ሊከራከር ይችላል፣ ለሌላው ግን ይህ ቅንብር የተሻለ ነው ብለን በሙሉ ልብ እንመክራለን።

ብልጭ ድርግም ማለቱን በተመለከተ፣ ቪኤ በሚባለው የስክሪን ፓነል ዓይነት ላይ በብዛት ይታያል፣ ኦሌድ በሚባለውም አለ። ፓነሉ ቀለሙ የተስተካከለው ለአንድ የኸርዝ መጠን ነው፤ ፍሬሙ ሲዘገይ ፒክስሉ ያንኑ ሥዕል ረዘም ላለ ጊዜ ይይዛልና ብርሃኑ በጥቂቱ ይለወጣል። ፍሬሙ 46፣ 50፣ 45 እያለ በወለሉ ዙሪያ ሲወዛወዝ ስክሪኑ ከ92 ወደ 50፣ ከ50 ወደ 90 ይዘላል፤ ዓይን የሚያየው ያን ዝላይ ነው። ጨዋታ ሲጫን በሚመጣው ገጽ ላይ ብቻ ከሆነ የሚታየው ጉዳት የለውም፤ ይለፉት። በጨዋታው መሀል ከሆነ በካስተም ሪዞሉሽን ዩቲሊቲ ወለሉን ከ48 ወደ 60 ከፍ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይረዳል፤ 60–144 አሁንም ከሁለት እጥፍ ስለሚበልጥ ኤልኤፍሲ አይጠፋም። ከለውጡ በኋላ አብሮት የሚመጣውን ማስነሻ ፋይል ማስኬድ ይበቃል። ስክሪኑ ጨርሶ ከጠቆረ በሴፍ ሞድ ገብቶ የመመለሻውን ፋይል መክፈት ነው። ወለሉን ወደ ታች፣ ለምሳሌ ወደ 30፣ መጎተት ግን አንመክርም፤ ብልጭታውን ያባብሰዋል።

ከሚንቀሳቀስ ነገር ኋላ ደማቅ ጥላ የሚታይ ከሆነ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ኦቨርድራይቭ፣ ማለትም ፒክስሉ ቶሎ እንዲለወጥ የሚገፋው የሞኒተሩ ቅንብር፣ ከመጠን በላይ ተለጥጧል። ለ144 ኸርዝ የተመቸው ኃይል በ60 ላይ ይበዛል። ወደ መካከለኛው ዝቅ ያድርጉት።

ጌም ቤት ላላቸው ሰዎች አንድ ነገር፦ ፒኤስ4 ይህን ቴክኖሎጂ አያውቀውም። ፒኤስ5 ከሚያዝያ 2022 ጀምሮ አለው፣ ነገር ግን በኤችዲኤምአይ 2.1 ቪአርአር ብቻ ነው፤ በኤችዲኤምአይ የድሮው ፍሪሲንክ ያለው ሞኒተር ለፒኤስ5 አይጠቅምም። ለፒኤስ4 ብላችሁ በፍሪሲንክ ስም ተጨማሪ ገንዘብ አትክፈሉ።

ሻጮችን የምንለምነው ብዙ አይደለም። ማስታወቂያችሁ ላይ «ፍሪሲንክ፣ ጂ-ሲንክ» ከማለት እንዲህ ብላችሁ ጻፉልን፦ «27 ኢንች፣ 2560 በ1440፣ ቪኤ ፓነል፣ በዲስፕሌይፖርት 48–144፣ በኤችዲኤምአይ 48–75፣ ዲስፕሌይፖርት ኬብል አብሮት አለ።» ሱቁ ውስጥ ደግሞ ካርድ ያለው አንድ ኮምፒውተርና አንድ ጤነኛ ዲስፕሌይፖርት ኬብል ይኑር። ብዙ ጌሚንግ ሞኒተሮች በሜኑአቸው ውስጥ በዚያች ቅጽበት ያለውን ኸርዝ ስክሪኑ ጥግ ላይ የሚያሳይ ምርጫ አላቸው። እሱን አብርታችሁ አንድ ጨዋታ ክፈቱ። ቁጥሩ ከፍሬሙ ጋር እየወጣና እየወረደ ከሆነ ይሠራል፤ 144 ላይ ደርቆ ከቀረ አልበራም። ገዢው ይህን በዓይኑ አይቶ ይክፈል።

ከአክብሮት ጋር፣
የኮምፒውተር ጥገና ባለሙያዎች
አዲስ አበባ